ዜሮ ኪሎ

የሌሊት ተረኛ ነኝ፤ ደጀን ኬላ፣ ሚዛኑ ላይ፣
ቁጥር ጽፌ የማሳልፍ፣ ባለ መኪና የማቆይ።
ሥራዬ ይኸው ነው፤ ስንት ወረደ፣ ስንት ወጣ፤
ለምን እንደመጣማ አልጠይቅም፤ የመጣው መጣ።

ባይነሳኝ፣ ባለ ተሳቢው፣ በታኅሣሥ፣ ማክሰኞ ማታ
ኑግ ጭኖ ቆመልኝ፣ ሸራው በገመድ የተገታ።
"ወዴት ነው?" "ጅቡቲ።" "ከዚያስ?" "ከዚያማ መርከብ ነው፣ ባሕር!"
ጻፍኩ። ማኅተሜን አሳረፍኩ። ቁልቁል ወረደ፣ ዓባይን ሊሻገር።

በወሩ ተመለሰ፤ ያው መኪና፣ ያው ተሳቢ፣ ያው ሸራ፣
ቢጫ ጀሪካን ደርድሮበት፣ በተራራው ላይ ተራራ።
"ምን ይዘሃል?" "ዘይት ነዋ፣ የሚረጋው።"
"ለማን?" "ለእናንተ ነዋ! ለደጀን፣ ለሉማሜ፣ ለደጋው።"

መዝገቤን አገላበጥኩ፤ ሁለት መስመር፣ ጎን ለጎን፦
ኑግ ወረደ፤ ዘይት ወጣ።
በመኻል የጠፋውን ግን
የምጽፍበት ዓምድ የለም።

ናፍጣው ስንት በርሜል ነደደ? በየቱ ገጽ ላይ ይስፈር?
ፍሬኑ ግሎ የሸተተው፣ ጎማው ጠመዝማዛው ላይ ሲቀር፣
ከባሕር ማዶ የማላውቀው፣ ዘንባባ ሊተከል ሲባል
የተመነጠረው ዱር፣ ወፉ… ይኼ በምን ይመዘናል?

"ከኑጉ ይኼ ይረክሳል" አለኝ ባለሱቁ ዋሴ።
ዝም አልኩት። ቅኔ ቤት ሁለት ክረምት ነው የቆየሁት፤ በራሴ
ስንፍና ነው ያቋረጥኩት፤ ግን ይቺን አላጣትም፤
ዋጋው ዓባይ ነው እንጂ፣ ርካሽስ አይደለም ከቶም።
ፍታው፤ አንድም ወንዝ ነው፣ አንድም ይዋሻል፤
ግንዱን ጥሎ ጀሪካን ይዞ ይዞራል፣ ማደሪያ መች ይሻል?

በሁዳዴ ሁለተኛ ሳምንት በረሃው ላይ ድንጋይ ተናደ፤
መንገዱ አምስት ቀን ተዘጋ፤ ባይነሳኝ እዚያው ታገደ።
ሽሮው ደረቀ። ዋሴ ባዶ ሱቁ ደጃፍ ላይ ከረመ።
የእማዋይሽ መጭመቂያ ትዝ አለኝ፤ ባሏ ከሞተ የቆመ፣
ላስቲክ ለብሶ፣ ዶሮ እንቁላል የሚጥልበት።
ከሚዛኔ ሥር ጠርጌ ያጠራቀምኩትን ኑግ ወሰድኩላት፣
ከየጆንያው ቀዳዳ የሾለከ፤ አንድ ቁና ቢሆን ነው።
ነፋችው፤ ጠጠሩን ለቀመች። "ይኼ ጅቡቲ ሊሄድ የነበረው ነው?"
"አዎ፤ ያልቀናው።"
ሳቀች።
ዶሮዋን አባረረች፤ ማሽኑ ተንኳኳ፣ አጓራ፤
እንደ ክር የቀጠነ ዘይት ወረደ፣ ጠቆር ያለ፣ የሚያበራ።
ፋጉሎው ለጎረቤት ላም ሄደ፤ እኛም ሽሮውን ቀመስን፣
የመስከረሙን ቢጫ ማሳ፣ ንቡ ሳይቀር፣ በምላስ አስታወስን።

አልዋሽም፤ ጨዋችን ድሮም ከሩቅ ነው፣ በበቅሎ የመጣ፤
በርበሬውም ከየት እንደሆነ እኔ እንጃ።
መንገዱም ተከፈተ፤ ጀሪካኑም እንደ ልማዱ ወጣ፤
ዋሴም ሸጠ፤ ሰዉም ገዛ።

ግን ትናንት፣ ንጋት ላይ፣ ተራዬን ልጨርስ ስል፣
አንድ ሽማግሌ ኑግ የጫነች አህያ ነድተው፣ የአስፋልቱን ዳር ሲከተል
ጥላቸው፣ ጠራኋቸው። "ከየት ነው አባቴ?" "ከየትኖራ።"
"እኮ የት ኖራ?" ብዬ ቀለድኩ።
"እዚያው ኖራ፣
እዚህ ልትጨመቅ" አሉኝ፤ "ለእማዋይሽ ነው።"

አህያዋ ሚዛኑ ላይ ወጣች፤ ከነጭነቷ ቆመች።
ሚዛኑ ለተሳቢ የተሠራ ነው፤ መርፌዋ ንቅንቅ አላለች።
መዝገቤን ገለጥኩ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ስማቸውን ጻፍኩ፤
ከክብደቱ ዓምድ ላይ "ዜሮ" ብዬ፣
ማኅተሜን ጥርት አድርጌ አሳረፍኩ።